«አይዞሽ» የማይባልበት ክፍል

ባለፈው ወር ወደ ጡት ራጅ ክፍላችን የተመደበችልን ልጅ በሁለተኛ ቀኗ፣ የመጀመሪያዋን ታካሚ ልታስገባ ስትል፣ «እትዬ፣ ጡቱን እስከ ስንት ኒውተን ልጫን?» አለችኝ። የራጅ ትምህርቷን በጥሩ ውጤት የጨረሰች፣ እጇም የቀለጠፈ ልጅ ናት። ጥያቄዋ ግን አበሳጨኝ። ከማን እንደተማረችው ወዲያው ነው የገባኝ።

ያስተማረቻትን ሴት አውቃታለሁ፤ አንድ ክፍል አብረን ሠርተናል። ዓይኗ ከቁጥሩ ላይ አይነሳም፤ 120 ሳይሞላ እግሯን ከፔዳሉ አታነሳም። ስትጠየቅ የአሜሪካኖቹን ደንብ ትጠቅሳለች፦ ከ111 እስከ 200 ኒውተን። ስንት ጊዜ ተከራክረናል! ደንቡ የሚናገረው ስለ ማሽኑ ነው፤ የሞተሩ የመጀመሪያ ግፊት ጣሪያ በዚያ መሃል ይሁን ይላል። እያንዳንዷ ሴት ይህን ያህል ትጨመቅ የሚል አንቀጽ የለውም።

መጫን አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኡራጓያዊው ራውል ሌቦርኝ ስለ ታካሚዋ አቀማመጥና ስለ መጫን አጥብቆ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ያ ጉዳይ ተዘግቷል። እኔ የምለው ሰሌዳው ላይ ያልመጣ ሥጋ በ200 ኒውተንም ቢጫኑት አይታይም ነው። ሥጋውን ከደረት ላይ ስቦ የሚያመጣው እጃችን ነው። እጃችን እንዲስብ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ደግሞ የሴትዮዋ ትከሻ ነው።

ማስረጃው ምስሉ ላይ ተጽፏል። በሰያፍ በሚነሳው ምስል፣ በኤምኤልኦው ላይ፣ የደረት ጡንቻው ወደ ፊት ጎበጥ ብሎ እስከ ጡቱ ጫፍ ትይዩ ከወረደ፣ ትከሻዋን ለቃ ነበር። ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ወይም እንደ ክር ቀጥኖ ከቀረ፣ ቆማ የነበረው ተወጥራ ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ እንደ ውኃ የሚፈስ ትከሻ እኔ ክፍል ሲገባ ቋጥኝ ይሆናል። ቋጥኙን በፔዳል ልታሸንፈው የምትሞክር ባለሙያ ምስሉን ትደግማለች፤ መድገም ማለት ደግሞ ሌላ ጨረር ነው።

ስለዚህ ልጅቷን ቁጥሩን ተዪና አፍሽን ጠብቂ አልኳት። «ብረቱን ያዢ» አትበዪ። ያዢ ያልሻት ሴት ትጨብጣለች፤ የጨበጠ እጅ ክንድን፣ ክንድ ትከሻን፣ ትከሻ ጡንቻን ይወጥራል። «እጅሽን አሳርፊበት» በያት። «ትንሽ ቻይው» አትበዪ፤ ሊመጣ ነው ብላ ጥርሷን ትነክሳለች። ከሁሉም በላይ «አይዞሽ» የምትባል ቃል ከዚህ በር እንዳትገባ። ሳቀች። «እትዬ፣ አይዞሽ ሳይባል ደግሞ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?»

ማተብ ሌላው ጣጣ ነው። አንዳንዶች «አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቂ» ብለው ይጀምራሉ። ክርስትና ስትነሳ የታሰረላትን ማተብ በጥሻት የምትገባ ሴት ትከሻዋን ትሰጠኛለች ብዬ አልጠብቅም። ክሩን ወደ ጀርባ አዞረዋለሁ፣ መስቀሉ እንዳይንሸራተት በፕላስተር እይዘዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልብስ አወላለቅ ላይም እንዲሁ ነኝ፤ አንደኛው ጡት ሲነሳ ሌላው በነጠላ ቢሸፈን ማሽኑ አይቀየምም።

ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ዓይኔ ተበላሽቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ፊት አላይም፣ ትከሻ ነው የማየው። ይቺ ቀጭን ረጅም ናት፣ የማሽኑን ማዕዘን ወደ 60 ዲግሪ አቆመዋለሁ፤ ያቺ አጠር ደልደል ያለች ናት፣ 40 ይበቃታል እላለሁ። እንጨት ሲሸከሙ የኖሩ እናቶችን ከሩቅ እለያቸዋለሁ። ክንዳቸው ወደ ላይ አይታዘዝም፤ ሰሌዳውን ዝቅ ካላደረግሁላቸው ብብታቸውን እየወጋ ጡንቻቸውን ያስቆጣዋል።

«አይዞሽ»ን የከለከለችኝ እናቴ ናት። ጎረቤቷ እብጠቱን ለዘመድ እንኳ ሳትናገር ደብቃው ኖራ ከሞተች በኋላ እናቴን እየጎተትኩ አመጣኋት። ጡቷን ሰሌዳው ላይ አሳርፌ «አይዞሽ እማዬ» ስላት ዞር ብላ አየችኝና፣ «ምን አይተሽብኝ ነው አይዞሽ የምትዪኝ?» አለችኝ። ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። ምስሉን ሳየው ጡንቻው ቀጥኗል፣ ከጡቱ ሥር ያለው እጥፋት ጭራሽ የለም። የገዛ እናቴን እንደገና ጨረር ውስጥ ላቆማት ነው። ምን እንደምላት ጠፋኝና፣ «እማዬ፣ በርበሬ ዘንድሮ ስንት ገባ?» አልኳት።

እናቴ በርበሬ ከተነሳ ሌላ ሰው ናት። የማረቆው ከአላባው እንዴት እንደሚለይ፣ ነጋዴው ኪሎ እንዲያነሳለት እንዴት ውኃ እንደሚረጭበት፣ እሷ ግን ዛላውን ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ነቅንቃ እንደምትለይ ትነግረኝ ጀመር። ፍሬው እንዴት እንደሚንሿሿ ልታሳየኝ ነፃ እጇን ስታወዛውዝ ሌላው ትከሻዋ ወረደ። ሥጋው ተከትሎኝ መጣ። ፔዳሉን ስረግጥ ወሬዋን አላቋረጠችም፤ «ትንፋሽሽን ያዢ» ስላት ብቻ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

ውጤቷ ሰላም ሆነ። ሰፈር ገብታ ምን እንዳወራች እንጃ፣ በሳምንቱ ከዕድሯ ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ እናት ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፣ እጃቸውን ሳልነግራቸው ብረቱ ላይ አሳረፉና፣ «በይ እንጂ፣ ስለ በርበሬው ጠይቂኝ» አሉኝ።