የሌላ ሰው ዒላማ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይቺን አንብብና ሰው ሁን» ብሎ የላኒ ባሻምን «ዊዝ ዊኒንግ ኢን ማይንድ» አዋሰኝ። ባሻም አሜሪካዊ የጠመንጃ ተኳሽ ነው። ተኝቶ፣ ቆሞና ተንበርክኮ በሚተኮስበት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ሲጠብቅ ብር ይዞ ተመለሰ። እጄ ደህና ነው፣ የከዳኝ ሐሳቤ ነው አለና ወርቅ ያገኙ ሰዎችን እየፈለገ «ምን እያሰባችሁ አሸነፋችሁ?» ሲል ጠየቀ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ወርቁን ወሰደ።

ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ አልዋሽም። ተኳሹ ሜዳሊያውን ሲያስብ ጥይቱ እንደሚያመልጠው፣ ንቁ አእምሮ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንደሚይዝ ይነግረናል። ምነው ለማትሪክ ስቀመጥ ይህን ባወቅሁ ያሰኛል።

ቅር የሚለኝ የአሸናፊ ጭንቅላት ሌላ፣ የተሸናፊው ሌላ ነው ወደማለት ሲያዘነብል ነው። ሞንትሪያል ላይ ባሻምና ያገሩ ልጅ ማርጋሬት መርዶክ እኩል 1162 ነጥብ ነበራቸው። የለያቸው የእኩል ነጥብ መለያ ደንብ ነው። እሱ ወርቅ፣ እሷ ብር። ታዲያ የማን አእምሮ ነው የጎደለው? ባሻም ራሱ መልሱን ያወቀ ይመስላል፤ መዝሙሩ ሲዘመር ስቦ ከጎኑ፣ ላይኛው ደረጃ ላይ አቆማት። እኔ ከመጽሐፉ ይልቅ ይህችን ወደድኩለት።

በዚያው ውድድር፣ በ2004 አቴንስ ላይ ማቲው ኢመንስ እየመራ ነበር። ለመጨረሻዋ ጥይት 7.2 ነጥብ ቢያገኝ ወርቁን ጨብጧል ማለት ይቻላል። የጎረቤቱን ዒላማ መታው! ዜሮ ተሰጠው፤ ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ኋላ እንደተናገረው፣ ራሱን ለማረጋጋት ሲታገል የዒላማውን ቁጥር ሳያይ ቀረ። አያችሁልኝ? አእምሮ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ መረጋጋቱ ገብቶ ቁጥሩን አስወጣዋ!

ወዳጄ ግን ሥራ አጥቶ ሰፈር ለዋለ ልጅ ሁሉ «ችግርህ አመለካከትህ ነው» ይላል። ባሻም ወታደር ነበር፤ ያገሩ ጦር የተኳሾች ክፍል አባል። ጠመንጃና ጥይት ከየት አመጣለሁ ብሎ አላደረም። የሰፈሬ ልጅ ለሥራ ማመልከቻ ወረቀት ማባዣ ከእናቱ ይለምናል።

መጽሐፉን ስመልስለት ይህንኑ ነገርኩት።

«አየህ» አለኝ፤ «ያንተም ችግር አመለካከትህ ነው።»