የከረጢቱ አፍ

ስፌት ልትማር የመጣች ልጅ ገና በሁለተኛው ሳምንቷ፣ አፉ ያልተዘጋ ከረጢት ታቅፋ «ጋሼ፣ ዚፕ ብንሰፋበትስ? በግማሽ ሰዓት ያልቅልን ነበር» አለችኝ። ጥያቄዋ ነውር የለበትም። ለአንድ አፍ ስምንት ቀለበት፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ምላስና ሁለት ዓይነት ክር ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔ ግን የስፌት መኪናዬን አቁሜ እስኪመሽ ድረስ ስመልስላት ቆየሁ። ማታ ቤቴ ስገባም መልሱ አላለቀልኝም፤ የቀረውን ነው አሁን የምጽፈው።

ከረጢቱ የመላኪያ ነው። ከከተማችን ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ስንቅ፣ ልብስና ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሄዶም ይመለሳል፤ ተመልሶም እንደገና ይሄዳል። ትንሹ ለደብዳቤና ለሰነድ የሚሆን፣ ከደብተር ጥቂት ሰፋ የሚል ነው። ትልቁ አምስት ኪሎ በሶ ይይዛል። ሁለቱንም የሚያኖራቸውም የሚገድላቸውም አፋቸው ነው።

በአገራችን ፖስተኛ በተለምዶ ደጅ እያንኳኳ አያድልም። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለው ሄዶ ይከፍታል፤ የሌለው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እንደ ቁይ ባለ ከተማ ያ ሌላ መንገድ አውቶቡስ ነው። እናት ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጇ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ ታዘጋጃለች፤ ረዳቱ «ስልክ ቁጥር ይጻፍበት» ይላል፤ በማርከር ይጻፋል፤ ዕቃው ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ ልጁ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ይቀበላል። ደረሰኝ የለውም፣ ቴምብር የለውም፣ ግን ይደርሳል። እኔ ይህን አሠራር አከብረዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ዕቃው ለብሶት የሚሄደው ነገር ነው። የማዳበሪያው አፍ በወስፌና በሲባጎ ጥርቅም ተደርጎ ይሰፋል፤ ከውስጥ ሁለት ሦስት ፌስታል አለ፤ ከላይ ሰፊ ፕላስተር ይጠመጠምበታል። ተቀባዩ ምን ያድርግ? ቢላዋ ያወጣል። ደህና አድርጎ አምስት ዓመት የሚያገለግል ማዳበሪያ በአንድ ጉዞ አንገቱን ተቆርጦ አጥር ሥር ይጣላል።

ማዳበሪያ ስንል ከረጢቱን ማለታችን ራሱ ብዙ ይነግራል። ገበሬው ዳፕና ዩሪያ ሲገዛ የሃምሳ ኪሎው ከረጢት ቤት ቀረ፤ ስሙም አብሮት ቀረ። ዛሬ ጤፍ ይያዝበት ስኳር፣ ማዳበሪያ ነው። ከእሱ በፊት ኬሻ ነበር፤ ከኬሻ በፊት አቅማዳና ስልቻ። እኔ ለምግብ የሚሆነውን ከስኳርና ከዱቄት ማዳበሪያ ብቻ እቆርጣለሁ፤ ገበሩን አቡጄዲ አደርገዋለሁ። የአፈር ማዳበሪያ የተያዘበትን ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አልነካውም። በዚህ የተጣላኝ ደንበኛ አለ፤ አሁንም አልደራደርም።

ለሙያው ሰው አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ሲሳሳቱ አያለሁ። የማዳበሪያ ክር ጨርቅ አይደለም፤ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሪባን ነው። ሲቆረጥ ይተረተራል፤ ስለዚህ ጠርዙን በሻማ ነበልባል አጠገብ ቶሎ አሳልፎ ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ከዘገዩ ይኮማተራል። መርፌው ደግሞ ሪባኑን ይበጥሰዋል እንጂ በመካከሉ አያልፍም። በመሆኑም ስፌት ባጠበቁ ቁጥር የጠነከረ ይመስላቸዋል እንጂ መቅደጃውን ነው የሚያበጁለት። ቴምብር ከአጠገቡ ካለው ቴምብር በምን ይለያል? በተርታ በተበሳው ቀዳዳ አይደል? ጠባብ ስፌትም ማዳበሪያን እንደዚያው ያደርገዋል። የመኪናዬን ስፌት እስከ መጨረሻው አረዝማለሁ፤ በሥሩ የአቡጄዲ ጥብጣብ አስገባለሁ፤ ሁለት መስመር አራርቄ እሰፋለሁ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ፀሐይ ሲበዛበት ብናኝ ሆኖ ይራገፋል። ይህን ካወቁ ገላው አያስቸግርም።

አፉ ነው የሚያስቸግረው።

ዚፕ ሞክሬአለሁ። የበርበሬ ድቃቂና ሽሮ ጥርሱ ውስጥ ይገባል፤ ስንቅ የጫነ ከረጢት ከላይ ሌላ ዕቃ ሲጫነው አንድ ጥርስ ይሳሳታል፤ አንድ ጥርስ ከተሳሳተ ከረጢቱ አለቀለት፤ ተቀባዩ ዶርም ውስጥ ሆኖ አይጠግነውም። ተጎትቶ የሚዘጋው ሸምቀቆ ብቻውንም አይበቃም፤ አፉ ቢጠብብም መካከሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ በዚያ ዝናብ ይገባል። እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። አፉ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ የታጠፈው ላይ ምላስ ይወርድበታል፤ በምላሱና በገላው ላይ ትይዩ በተሰፉት ስምንት የጨርቅ ቀለበቶች ውስጥ አንድ ገመድ እየተመላለሰ ይገባል፤ ጫፉ በአንድ ቋጠሮ ያልቃል። ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ሲጎትቱት የሚፈታ ነው። ቢላዋ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ቢላዋ ለማስገባት ቦታ የለውም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የመላኪያ ከረጢት ጥንካሬ የሚለካው በሚሸከመው ኪሎ ብቻ አይደለም፤ የራበው ተማሪ በምን ያህል ጊዜ ሳይቀደው ይከፍተዋል የሚለውም አለ። ለመፍታት ካስቸገረው ይቀደዋል። አልፈርድበትም፤ ጥፋቱ የሰፊው ነው።

መናኸሪያው አጠገብ በፕላስተር ዕቃ የሚያሽግ ጎልማሳ አለ። እጁ ፈጣን ነው፤ ባስ ሊነሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንኳ ያደርሳል፤ ዝናብም አያስገባም። ስንከራከር አንድ ዓመት ሆነን። «የሚመለስ ነገር የለም» ይለኛል፤ «ሰው የላከውን ይረሳል፤ አንተ ለማይመለስ ነገር ቀለበት ትቆጥራለህ።» ከዚህ ንግግሩ ግማሹ እውነት ነበር። መጀመሪያ ከሰፋኋቸው አሥራ ሁለት ከረጢቶች የተመለሱት አራት ናቸው። ሰዎችን ወቀስሁ፤ ተናደድሁ። ኋላ ግን አንዲት እናት ልጇ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ ነገረችኝና ገባኝ፤ ከረጢቴ ዶርሙ ውስጥ ሽንኩርት ተይዞበት ደህና ሆኖ ተቀምጧል። ልጁ አልጣለውም። ባዶ ከረጢት ለእናት መላክ ግን አፍሯል።

አፍሯል! እንዴት ይህን ቀድሜ አላሰብሁትም? ጎረቤት ንፍሮ በሳህን ቢልክ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ ጨው ተደርጎበት ይመለሳል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ልጁ የሚከትበት ትልቅ ነገር ስለሌለው ነው ያስቀረው፤ ከረጢቱ የሚጠብቀው አምስት ኪሎ ነውና። ስለዚህ ከውስጥ፣ ከታች በኩል ትንሽ ኪስ ሰፋሁ። ባዶው ከረጢት ወደዚያ ኪስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባና የመዳፍ ያህል ጥቅል ይሆናል፤ በጥቅሉ ውስጥ አንድ ሳሙና፣ አንድ የስኳር ጥቅል ወይም አንድ ደብዳቤ ከገባ ሙሉ ይመስላል። ጥቅሉ ሙሉ ሆኖ ስለሚታይ ልጁ አያፍርም። ምላሱንም ሁለት ፊት አደረግሁት፦ በአንዱ ፊት የተቀባዩ፣ በሌላው ፊት የላኪው ስምና ስልክ በካርቶን ተጽፎ የሚገባበት ኪስ አለው። ሲሄድ አንዱ ፊት ይወጣል፤ ሲመለስ ምላሱ ይገለበጣል። ረዳቱ እንኳ «ምላሱን ገልብጠው» ማለት ለምዷል። ከዚያ ወዲህ የሚመለሰው ከሚቀረው በለጠ።

ፊንላንድ ውስጥ ሪፓክ የሚባል ኩባንያ ለኢንተርኔት ሸማቾች የሚመለስ ከረጢት ይሠራል። የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ከእኛ ማዳበሪያ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ተቀባዩ ባዶውን በደብዳቤ መጠን ያጣጥፈውና መንገድ ዳር ባለ የፖስታ ሳጥን ይከተዋል፤ የመመለሻው ዋጋ ቀድሞ ተከፍሏል። ሳነብ ደስ አለኝ፤ በማጠፉ ላይ ተገናኝተናል። እነሱ የፖስታ ሳጥናቸውን ተማምነዋል። እኛ ያን ሳጥን ልንጠብቅ አንችልም፤ የእኛ መመለሻ ሰው ነው፤ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ይሉኝታና ናፍቆት ነው። ከረጢት የሚሰፋ ሰው ይህንንም መለካት አለበት።

እንዲያውም የሚመለስ ፖስታ ለእኛ አዲስ አይደለም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም የፖስታ አገልግሎት አቋቁመው ፓሪስ የታተመ ቴምብር ከማስመጣታቸው በፊትም ሆነ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ፣ መልእክተኛው ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ቆንጥጦ ይዞ ይሮጥ ነበር። ላብ አይነካውም፣ ከሩቅም ይታያል፤ የያዘውን ሰው መንገድ ይሰጡታል። ደብዳቤው ይቀራል፤ ዘንጉ ግን መልሱን ሊይዝ ይችላል። ፌስታል የመጣው ትናንት ነው፤ ስንብቱም ተጀምሯል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰውን ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ አንዴ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል በአዋጅ አገደ። ደግ ሆነ እላለሁ። ግን ፌስታሉ ሲቀር በርበሬው በምን ይሂድ የሚለውን አዋጅ አይሰፋውም፤ እሱ የእኛ የሰፊዎች ሥራ ነው።

የአፍ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልጅቷ አልጠየቀችኝም። አባቴ ቆዳ ሠሪ ነበር። አቅማዳ፣ ጠፍር፣ አልፎ አልፎም የዳዊት ማኅደር ይሠራ ነበር። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው፤ መጽሐፉ የሚያድርበት። ዛሬ በየቢሮው «የሠራተኛ ማኅደር» ሲባል ካርቶን ነው የሚወጣው፤ ቃሉ የመጣው ግን ከዚያ ቆዳ ነው። አባቴ ወፍራሙን ቆዳ አርሶ በመጽሐፉ ልክ በተቆረጠ እንጨት ላይ ይወጥረዋል፤ ሲደርቅ እንጨቱን ያወጣና ቆዳው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ክዳኑን ሲሠራ ግን ይዘገያል። ቀኑን ሙሉ ክዳኑን ያስገባል፣ ያወጣል፤ በወስፌ ጫፍ ይልጋል፤ እንደገና ያስገባል። «ልጄ፣ መጽሐፉን የሚገድለው ዝናብ አይደለም» ይለኝ ነበር፤ «ቄሱ በችኮላ ሲያወጣው ነው ጠርዙ የሚሰበረው። አፉ እሺ ካላለ ቆዳው ቢጠነክር ለምን ይበጃል?» እኔ ያኔ ጠፍር መያዝ ነበር ሥራዬ። አሁን ስምንቱን ቀለበት ስቆጥር እሱን ነው የምሰማው።

የሠራቸው ማኅደሮች ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገብተው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አቅማዳዎቹ የማይጠራባቸው ቤቶች ገብተው እህል ተሞልተው ተቀምጠዋል። እሱ ግን «ፋቂ» ነበር። ድግስ ቢጠራ ለብቻው ይቀመጣል፤ ዋንጫውም ለብቻው ነው። እናቴ ውኃ ስትቀዳ ወደ ኋላ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እኔ ወደ ጨርቅ የዞርሁት ከዚያ ስም ለመሸሽ ነው፤ አልደብቀውም። ልብስ ሰፊ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ሃያ ዓመት ሱሪና ቀሚስ ስሰፋ ስለ ቆዳ አንድም ቃል አልተናገርሁም። ወደ ከረጢት የመለሰኝ አጥር ሥር የተጣሉት ማዳበሪያዎች ናቸው፤ አፋቸውን አይቼ የአባቴ ዓይን መጣብኝ። የመጀመሪያውን ምላስ ስሰፋ የተጠቀምሁት በእሱ ወስፌ ነው፤ እጀታው በመዳፉ ልክ ጎድጉዷል፤ የእኔ መዳፍም ይገባበታል።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር ወራት ሙሉ የሄደው አልተመለሰም፤ የሚሄድም አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ረዳቱ ስድስት ጥቅል አንድ ላይ አምጥቶ መኪናዬ ላይ ጣለልኝ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ አፋቸውን አየሁ። ቀለበቶቹ ሁሉ አሉ፤ የአንዱ ገመድ ብዙ ከመፈታቱ የተነሳ ቋጠሮው ጋ ልስልስ ብሏል። ምላሶቹ በትክክል ተገልብጠዋል፤ «ቁይ» ይላሉ። በአምስቱ ውስጥ ለየእናቶቹ ሳሙናና ደብዳቤ ነበር፤ ጥሪ ላክሁና ወሰዱ። በስድስተኛው ኪስ ከሳሙናው ጎን አንድ ጥቅል ጠንካራ የናይለን ክር፣ በላዩ በደብተር ወረቀት «ለከረጢቱ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ልጁን አላውቀውም፤ እናቱንም የማውቃት በመልክ ነው።

ይህን ክር ሳሳያት ልጅቷ ተቀብላ በጣቷ ጎተተችው፤ «ይሄ ለቀለበት ይሆናል» አለች። አዲስ ከረጢት ከመደርደሪያው አወረድሁና ወስፌውን ለእሷ ሰጠኋት።