በሁለት ምቶች መካከል

በገላን ኮንዶሚኒየም የሯጭ ቤት ከውጭ ይታወቃል። በረንዳው ላይ ቱታና ካልሲ ይሰጣል፤ ጫማው ሶሉ ወደ ላይ ተገልብጦ ይደርቃል። አልፎ አልፎ በመሃላቸው ሁለት ጣት የሚሰፋ ጥቁር የላስቲክ ቀበቶ ተንጠልጥሎ ይታያል። ላብ የሚጠጣ ነውና እሱም በውኃ መለቅለቅ አለበት፤ ጨው ከጋገረበት የልብን ምት መያዝ ይሳነዋል። የስፖርት ሕክምና ተመራማሪዎች ከሚሠሩባቸው ዕቃዎች ሁሉ ለእኔ ዓይን ውቡ ይህ ነው።

ገልብጣችሁ እዩት። ደረት በሚነካው በኩል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ለስላሳ ንጣፎች አሉ፤ ከመታጠቁ በፊት በውኃ ይርሳሉ። ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ላይ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አንድ ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ የደረት ጡንቻም የራሱን ይጨምርበታል፤ የናይለን ካኒቴራ ሲፈተግ ደግሞ ሌላ ጫጫታ ያመጣል። ቀበቶው ከዚህ ሁሉ መካከል የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የልብ ታችኛ ክፍሎች ለመኮማተር ሲነሱ በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ መቅጃ) ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ሹል ጫፍ። ጫፉ የታየበትን ቅጽበት ይይዛል፤ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ በመካከል ያለፈውን ጊዜ በሚሊ ሴኮንድ ይጽፋል። ይኸው ነው ሥራው። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ያለ ሽቦ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የልብ ምት መለኪያ ለስፖርተኞች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው)።

ከቀበቶው የሚቀበለው የእጅ ሰዓት በደቂቃ «50» ብሎ ሲያሳይ፣ የታጠቀው ሰው ልብ በየ1,200 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ ጊዜ የሚመታ ይመስለናል። የጤነኛ ልብ አቆጣጠር ግን እንዲህ የደረቀ አይደለም። አንዱ ክፍተት 1,180፣ ቀጣዩ 1,230፣ ከዚያ 1,170፣ ከዚያ 1,200 ሊሆን ይችላል። አየር ስንስብ ክፍተቱ ይጠባል፣ ስናስወጣ ይሰፋል፤ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ይህን በ1847 በመሣሪያ መዝግቦ አሳይቷል። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ የተባለው ነርቭ እጁን ሲጭንና ሲያነሳ ነው ልዩነቱ የሚፈጠረው። ሰውነቱ በቂ ዕረፍት ያላገኘ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይጠባል።

ተመራማሪው ይህን ወደ አንድ ቁጥር የሚያመጣበት መንገድ በእርሳስ የሚሠራ ነው። ተጎራባች ክፍተቶችን ያቀናንሳል፦ 50፣ 60፣ 30። እያንዳንዱን በራሱ ያባዛል፤ አማካያቸውን ይወስዳል፤ የአማካዩን ስኩዌር ሩት ያወጣል። ወደ 48 ሚሊ ሴኮንድ ይመጣል። አሁን ከአራቱ ክፍተቶች መሃል አንዲት ያለ ጊዜዋ የመጣች ምት ትግባበት፦ 1,180፣ 700፣ 1,700፣ 1,200። ያው ስሌት 702 ይሰጣል። ማንም ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ እንዲህ ዓይነት ምት ይኖረዋል፤ አደጋም ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሥራው ጥበብ ከማሽኑ ይልቅ በኋላ ማያው ፊት በሚቀመጠው ሰው እጅ ላይ ነው። ያለ ጊዜዋ የመጣችውን ምት ለይቶ ያወጣል፤ ሰፊ ሆና ግን እውነተኛ የሆነችውን ይተዋል። ማጣሪያውን ትንሽ ካጠበቀው የሚያምር፣ ለስላሳ፣ ውሸት የሆነ መስመር ያገኛል። እንዲህ ያለውን መስመር ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ።

በ2007 የወጣ አንድ የፊንላንድ ጥናት ሯጮች የዕለቱን ልምምዳቸውን በጠዋቱ ልኬት እንዲወስኑ አድርጎ ነበር፤ ቁጥሩ ከወረደ ጫናውን ይቀንሳሉ። በእኛ ሯጮች አፍ «ኮንዲሽን» የሚባለው ነገር የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው። ቁጥሩ ግን ለጎረቤት አይዋስም፤ የሚነጻጸረው ከራስ ያለፈ ሳምንት ጋር ብቻ ነው። ከዚያም ሌላ፣ ለዓመታት የሠራ ጠንካራ ሯጭ ልቡ እጅግ ሲዘገይ ልዩነቱ ሊያድግ ሲገባው መልሶ ሊወርድ ይችላል። ያንን ያላወቀ ሰው ደህናውን አትሌት ደክሟል ብሎ ያስተኛዋል። ከፍታም አለ፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር፣ እንጦጦ አናቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሯጩ የለመደው ከፍታ ሲለወጥ ቁጥሩም ሊለወጥ ይችላልና የት እንዳደረ ሳይጠየቅ ልኬቱ አይነበብም።

ከልብ ወደ እግር እንውረድ። ቦስተን ውስጥ ተመራማሪው ጄፍሪ ሃውስዶርፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስስ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ በጫማ ውስጥ ለጥፈው፣ መቅጃውን ቁርጭምጭሚት ላይ አስረው ሰዎችን አራመዱ። በ1996 ባወጡት ሥራ አሥር ጤነኛ ወጣቶች በዝግታ፣ በለመዱትና በፍጥነት፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት ሄደዋል። የአንዱ እርምጃ ጊዜ ከቀጣዩ በጥቂቱ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን እንዲያው የተበተነ አይደለም። አሁን የረዘመችው እርምጃ ከብዙ መቶ እርምጃ በኋላ ከምትመጣው ጋር ዝምድና አላት። ከዚያ እነዚያኑ ሰዎች በሜትሮኖም፣ ማለት እኩል በሚመታ የሙዚቃ ማሽን፣ አስኬዷቸው። ልዩነቱ እንዳለ ቀረ፤ ዝምድናው ግን ጠፋ። የማሕሌት ከበሮ መቺ እጅ ለሙዚቃ መማሪያ ማሽን ቢገዛ የሚደርስበት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ዝምድና ያገኙበት ስሌት በዚያው ቡድን ውስጥ ለልብ ምትም የዋለ ነው። ልቡም እግሩም በአንድ ዓይነት ሒሳብ ተመረመሩ፤ የጤነኛው ሰው መለያ በሁለቱም ዘንድ መልክ ያለው አለመስተካከል ሆነ።

እዚህ ላይ የኛን አሠልጣኞች አለማንሳት ንፉግነት ነው። ወልደመስቀል ኮስትሬ እንደዚያ ዓይነት ጫማ አልነበራቸውም። የቦቆጂው ስንታየሁ እሸቱም ከዓይናቸው ሌላ ብዙ መሣሪያ አልነበራቸውም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ግን ያደጉት በስንታየሁ ዓይን ሥር ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ግራ እጁን ከጎኑ ጠጋ አድርጎ ይሮጥ ነበር፤ ከአሰላ አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ደብተር ይዞ ሲሮጥ የቀረበት ልማድ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አለመመጣጠን ስህተት ብሎ ይመዘግበዋል። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ የገባው ከነእጁ ነው።

ሯጮቻችን የሚሮጡበትን ሦስት ቦታ አስፋልት፣ ጫካና ኮረኮንች ብለው ይለያሉ። ያ የቦስተን ጫማ የተለካው በለሰለሰ መሄጃ ላይ ነው። ወደ አቃቂ ኮረኮንች ቢወርድ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ሯጯ ድንጋይ ትዘላለች፤ አህያ መንገዱን ትዘጋለች፤ ከፊት የምትሮጠው ጓደኛዋ ስትታጠፍ እሷም የጓደኛዋን እግር ተከትላ ትታጠፋለች። ማያው ላይ ሦስቱም የረዘሙ ወይም ያጠሩ እርምጃዎች ሆነው ብቻ ይታያሉ። የአህያዋን ባወጣው አይከፋኝም። ድንጋዩን የዘለለችበትን እርምጃ ግን፣ እኔ ብሆን፣ አልነካውም።