ክብደቱ ከየት ተቀነሰ?

ቀላል ጠብመንጃ መሥራት የሚያስቸግር ነገር አይደለም። አፈሙዙን ማሳጠርና ማቅጠን፣ ሰደፉን ከርካሽ ፕላስቲክ ማውጣት፣ የቀረውን ብረት ደግሞ እዚህም እዚያም መቦርቦር ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ይላል፤ ገዢም ሻጭም ደስ ይላቸዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው፣ ትንፋሹ ሳይመለስ፣ ጣቱ በብርድ እንደደነዘዘ፣ አንዲት ጥይት ተኩሶ ካሰበበት የሚያሳርፍበትን ቀላል ጠብመንጃ መሥራት ብርቱ ሙያ ይጠይቃል።

ስለዚህ የተራራ ጠብመንጃ እጄ ሲገባ ኪሎውን ከመጠየቄ በፊት ኪሎው ከየት እንደተቀነሰ እመረምራለሁ። ከማያስፈልግ ብረት ከተቀነሰ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። ከአፈሙዙ፣ ከሰደፉ ጥንካሬ ወይም ከምላጩ ጥራት ከተቀነሰ ግን አዳኙን ከሸክም ገላግሎ ለመሳት አሳልፎ ሰጥቶታል።

ይህን ልዩነት ከማንም በላይ አጥርቶ ያሳየው የዌስት ቨርጂኒያው ጠብመንጃ ሠሪ ሜልቪን ፎርብስ ይመስለኛል። በ1985 እ.ኤ.አ. አልትራ ላይት አርምስን ሲመሠርት፣ ብዙዎች ጠብመንጃ የሚያቀሉት ለረጅም ጥይት የተሠራ ትልቅ የማቀባበያ ቤት ወስደው በመቦርቦር ነበር። እሱ ከጥይቱ ተነሳ። ለ.308ና ለመሰሎቹ አጫጭር ጥይቶች ልክ የሚሆን የማቀባበያ ቤት ከባዶ ነደፈ። ሞዴል 20 የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ቤት ክብደት፣ ከ20 አውንስ ነው፤ 570 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሰደፉን ከኬቭላርና ከካርቦን ፋይበር አበጅቶ አፈሙዙን ከሥሩ ጀምሮ በሙሉ ርዝመቱ እንዲደግፈው አደረገ። አፈሙዙን ግን አላስራበውም። መነጽር ሳይጨመር 2 ኪሎ ከ300 ግራም አካባቢ የሚመዝን፣ ግን ሲተኮስ ከእሱ አንድ ኪሎ የሚበልጠውን ጠብመንጃ ያህል የሚታመን መሣሪያ ወጣው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቀላል ጠብመንጃዎችን የምለካው በዚህ ነው።

ከፎርብስ በፊት የነበረው ትውልድ ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ በዋለው በዊንቸስተር ሞዴል 70 ፌዘርዌይት ይምል ነበር። የአውትዶር ላይፍ መጽሔት የጦር መሣሪያ አዘጋጅ የነበረው ጃክ ኦኮነር በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የዱር በግ ሲያድን ይዞት ይወጣ የነበረው ከዚሁ ዘር ነው። የስፖኬኑ ሰደፍ ሠሪ አል ቢሰን በዋልነት እንጨት ያለበሰው .270 ነበር። ዛሬ ፌዘርዌይት ቀላል ነው ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ቢሆንም የዚያን ጠብመንጃ አያያዝ እጁ ላይ የቀመሰ ሰው፣ ሚዛን የማያሳየው ቅልጥፍና እንዳለ ይረዳል።

በአልፕስ ተራሮች ያሉት ሠሪዎች የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። በኦስትሪያ ፌርላክ የሚሠራው ኪፕላውፍ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ አፈሙዙ እንደ ሾትገን ወደ ታች ይታጠፋል። ካዝና የለው፣ የሚመላለስ ማቀባበያ የለው፤ ስለዚህ አፈሙዙ ሙሉ ርዝመቱን እንደያዘ ጠቅላላው መሣሪያ አጭር ይሆናል። ሁለት ቦታ ተፈትቶም ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የብዙዎቹ መምቻ የሚወጠረው በአውራ ጣት ሲገፋ ብቻ ነው፤ አዳኙ ጎርሶ የተዘጋጀ መሣሪያ ይዞ ገደል ቢወጣም መምቻው ለመተኮስ እስኪዘጋጅ ድረስ አልተወጠረም። ለቁልቁለትና ለእርጥብ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ የደኅንነት ዘዴ አላየሁም። በዚያው አገር የተወለደው የ1903ቱ ማንሊከር ሾናወር፣ 45 ሳንቲሜትር አፈሙዙ እስከ ጫፉ በእንጨት የተሸፈነው፣ በውበት የሚወዳደረው የለም። እንጨቱ ጉም ሲጠጣ ግን ሊያብጥና አፈሙዙን ሊገፋ ይችላል። ጉም ባለበት ተራራ ይዤው አልወጣም።

አሁን ወደ ሱቅ። ጠብመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ አንድ ቁራጭ ወረቀትና አንድ ካቻቢቴ ብዙ ይናገራሉ። ወረቀቱን በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብቶ ከጫፍ ወደ ማቀባበያው ቤት መሳብ ነው። ሳይያዝ ከተንሸራተተ ጥሩ፤ ግን ፈተናው ገና ነው። ወረቀቱ እዚያው እንዳለ የሰደፉን የፊት ጫፍ፣ አዳኝ ድንጋይ ላይ አስደግፎ እንደሚጫነው፣ ወደ አፈሙዙ ጫን ማድረግ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከተነከሰ ሰደፉ ይተጣጠፋል ማለት ነው። አዳኙ በተደገፈ ቁጥር አፈሙዙ በሌላ አቅጣጫ ይገፋል፤ ጥይቱም የሚያርፍበትን ይለውጣል። እንደ ፎርብስ ሥራ ሆን ተብሎ ዳር እስከ ዳር የሚነካ ሰደፍ በዚህ አይፈተንም። ነውሩ በአንድ በኩል ነክቶ በሌላው የሚለቀው ነው።

ቀጥሎ ጠብመንጃውን አቁሞ አንድ ጣት አፈሙዙና የሰደፉ ጫፍ የሚዋሰኑበት ላይ ማሳረፍ፣ በሌላው እጅ የፊተኛውን ብሎን ቀስ እያሉ ማላላት። በጥንቃቄ የተቀመጠ ብረት ንቅንቅ አይልም። በግድ ታስሮ የኖረ ከሆነ አፈሙዙ ከሰደፉ ሲላቀቅ ጣት ላይ ይታወቃል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ቆላ ተስተካክሎ ደጋ ላይ ሌላ ቦታ ይመታል። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ብሎን እንዲነካ ሲጠየቅ አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ሚዛን አጠባበቁን ለማወቅ ጠብመንጃውን በአንድ ጣት ከፊተኛው ብሎን ሥር ማንሳት ይበቃል። ወደ አፈሙዙ ትንሽ ቢያጋድል እመርጣለሁ። በጣም የቀለለ መሣሪያ የልብ ትርታን ሳይቀር እየተቀበለ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ላይ የተረፈች ትንሽ ክብደት ይህን ታረጋጋለች። አፈሙዙን 40 ሳንቲሜትር አድርጎ ቆርጦ በግራሙ የሚኮራ ሠሪ ይህችን ክብደት ነው የጣላት። እኔ ከ51 እስከ 56 ሳንቲሜትር ባለው እረካለሁ።

ምላጭ ላይ ምንም ምሕረት የለኝም። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጠብመንጃ ምላጩ ሁለት ኪሎ ተኩል ከጠየቀ፣ ጣቱ ምላጩን ሲስብ መሣሪያውን ራሱን ይጎትተዋል። ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ባለው መካከል፣ ሳይጎተትና ሳይንሸራተት፣ ድንገት የሚለቅ መሆን አለበት። በወፍራም ጓንትም ይሞከር።

ማቀባበያው ቀስ ተብሎም ፈጠን ተብሎም ጥይቱን ሳያንቀው ማጉረስ ይኖርበታል። ለዚህ የማውዘር 98 ዓይነት ትልቅ ቀለህ ሳቢ ያለውን እወዳለሁ፤ ጥይቱን ከካዝናው እንደወጣ ስለሚይዘው፣ አዳኙ ተጋድሞም ሆነ ተንጋሎ ቢያቀባብል ጥይቱ አይዋልልም።

ርግጫ ላይ ብዙዎች ራሳቸውን ያታልላሉ። በተመሳሳይ ጥይት የጠብመንጃው ክብደት በግማሽ ሲቀንስ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ቀላል ጠብመንጃ ላይ ማግነም መጫን ባለቤቱን ልምምድ ያስጠላዋል፤ ልምምድ የጠላ ሰው ደግሞ ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። የአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀዳዳ ብረት ርግጫ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን አጠገብ የተጋደመውን መሪ ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ .270፣ .308 ወይም 7 ሚሊ-08 እላለሁ። በባሌና በአርሲ ተራሮች በተፈቀዱት ክልሎች የሚታደነው የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ለእሱም ቢሆን ሳይፈረካከስ ዘልቆ የሚገባ 10 ግራም ገደማ አረር ያለው .308፣ ከአስታው ዳር ወጥቶ ጎኑን እስኪሰጥ ለሚታገሥ አዳኝ በቂ ነው። ዋልያ ግን ከነጭራሹ የማይታደን፣ የሚጠበቅ እንስሳ ነው።

ሠሪው ግራም በግራም ያተረፈውን ክብደት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከ800 ግራም በላይ የሚመዝን ትልቅ መነጽር ይጭንበታል፤ ጠብመንጃው አናቱ ይከብድና ባነገቱት ቁጥር ይገለበጣል። 300 ግራም አካባቢ የሚመዝን፣ ስድስት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ መነጽር ለተራራ ይበቃል። ሚዛን ላይ የሚወጣውም ከነመነጽሩ፣ ከነማነገቻውና ከነጥይቱ ይሁን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ3 ኪሎ ከ300 ካላለፈ በጣም ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ፈተና የሚደረገው ተኩስ ሜዳ ላይ ነው። ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ስለሚግል በተከታታይ አሥር ጥይት መተኮስ የተራራ ጠብመንጃን ጠባይ አይነግርም። በሦስት የተለያዩ ጠዋቶች፣ በቀዘቀዘ አፈሙዝ፣ በአንድ መቶ ሜትር ርቀት፣ በየቀኑ አንድ አንድ ጥይት ብቻ፣ በዚያችው አንድ ወረቀት ላይ ይተኮስ። ሦስቱን ቀዳዳዎች የቡና ስኒ አፍ ከከደናቸው ይገዛ፤ ካልከደናቸው ሌላ ዓይነት ጥይት ይሞከር፤ ያም እምቢ ካለ ለባለ ሱቁ ይመለስ።