ስለ ሐረር ፈትልና ሽመና የበርተን ምስክርነት፤ ሂሳዊ አስተያየት

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሐረር የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በከተማይቱ የቈየው ዐሥር ቀን ብቻ ነው። በሚከተለው ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ግን ስለ ሐረር ሽመና ለሚናገር ሰው ዛሬም ዋነኛ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ምክንያቱም አይሰወርም። በርተን የሐረርን ኩታ ከታወቀው የሸዋ ኩታ ጋር አስተካክሎ፥ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ ግን እጅግ አብልጦ አመስግኖታል። የአገር ልጅ ይህን ሲያነብ ደስ ይለዋል፤ እኔንም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ምስጋና ምርመራ አይደለም። ገጹን ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፥ በርተን ጨርቁን እንጂ ሥራውን እንዳላየ ይገለጥለታል።

አስቀድመን የሚገባውን እንስጠው። የኩታውን ልክ ጽፏል፤ ርዝመቱ 11 ክንድ ሆኖ እጥፍ፥ ስፋቱ 2 ክንድ፥ ዳሩ ደማቅ ቀይ ጥለት ነበረ፤ ጥሩ የሚባለው በዚያው በከተማይቱ እንኳ ወደ 8 ብር ያወጣ ነበር። ጥጡ በዙሪያው ባሉት ኰረብታዎች የሚበቅል፥ ጭረቱ ረጅም መሆኑንም መዝግቧል። የሴቶቹን ልብስ ሲገልጽ፥ ቡናማ ወይም በኒል የተነከረ ሰፊ ቀሚስ፥ ጫፉ ቀይ የሆነ ነጭ መቀነት፥ ከፊትና ከኋላም ጫፉ ወደ ታች የዞረ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ሳይረሳ ያመለክታል። በአሚር አሕመድ ጥርጣሬ ሥር ሆኖ በዐሥር ቀን ይህን ያህል መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ፈትሉ ግን የሰጠን ቃል አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይሆንም። ክሩን ሴቶች በሁለት የእንጨት ዘንግ ይፈትሉታል ይላል፤ በዚያው ያልፋል። አንደኛው ዘንግ እንዝርት ከሆነ ሁለተኛው ለምን እንደሚያገለግል አይነግረንም። ጥጡን ማን እንደሚዳምጠው፥ ማን በደጋን እንደሚነድፈው፥ አመልማሎው ከገበያ ይገዛ ወይም በቤት ይሰናዳ እንደ ሆነ፥ ልቃቂቱስ ለሸማኔው በምን ዋጋ እንደሚደርስ አልጠየቀም።

የዚህን ዝምታ ክብደት ለመረዳት በርተን ራሱ የሰጠንን ልክ ወስደን እናስላ። እጥፉ ሲዘረጋ 22 ክንድ ነው፤ ክንዱን 45 ሴንቲሜትር ብንለው ወደ 10 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ይሆናል። በየሴንቲሜትሩ 15 የድርና 15 የማግ ክር ብቻ አለ ብለን ብናስብ፥ ለአንዱ ኩታ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ክር ያስፈልጋል። ይህም ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ያህል ነው። ፈታይዋ በሰዓት 100 ሜትር ብታወጣ 270 ሰዓት ይፈጅባታል፤ ከቤት ሥራዋ የሚተርፋት ጊዜ በቀን ሦስት ሰዓት ከሆነም ሦስት ወር ትፈትላለች ማለት ነው፤ መዳመጡና መንደፉ ሳይቈጠር። ስሌቱ ግምት ነው፤ ክሩ ቢቀጥን ይበዛል፥ ቢወፍር ያንሳል። ሆኖም ከሸማኔው ጕድጓድ ይልቅ የሥራው ትልቁ ክፍል በእንዝርቱ ላይ እንዳለ ያሳያል። እንግዲህ ከ8 ብሩ ለፈታይዋ የደረሳት ስንት ነበር? ይህን ሳይጠይቅ የሰውን እጅ ከመኪና ያስበለጠ ጸሐፊ የየትኛውን ሰው እጅ ማለቱ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሽመናውን ወንዶችም ሴቶችም ይሠሩታል የሚለው ቃሉ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ በደጋው አገር ልማድ መፍተል የሴት፥ መሸመን የወንድ ነውና። ሐረር በዚህ ከተለየች ልዩነቱ ራሱ አንድ መጽሐፍ የሚያስጽፍ ነበር። በርተን ግን በግማሽ መስመር አሳለፈው፤ ስለዚህ ይህን ቃል ብቻውን ይዞ ስለ ሐረር ሴቶች ሽመና የሚደመድም ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል።

ቀለሙን በተመለከተም ያው ነው። ቀዩን ጥለት ያደንቃል፤ ቀዩ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። የሚያስገርመው ሐረር ራሷ ቀለም ላኪ መሆኗ ነው። ዓረቦች ዋርስ የሚሉት፥ ከአንድ ቍጥቋጦ ፍሬ ልባስ ላይ የሚራገፍ ቀላ ያለ ዱቄት፥ ከሐረር ወደ ዐደን ይሻገር ነበር፤ በዓረብ አገር ለቀለምም ለሴቶች መዋቢያም ያገለግላል። ዋርስ ግን የሚሰጠው ወደ ቢጫና ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ነው፤ ሐርን አሳምሮ ሲይዝ ጥጥን እንደዚያ አይይዝም። ደማቁ ቀይ ከዚህ ሊመጣ አይችልም። በሰሜን ኢትዮጵያ ለጥለት የሚሆነው ባለ ቀለም ክር ከባሕር ማዶ ይመጣ እንደ ነበር፥ አንዳንዴም የመጣው ጨርቅ ተተርትሮ ክሩ ለጥለት ይውል እንደ ነበር ይታወቃል። የሐረርም ጥለት በዚህ መንገድ የመጣ ከሆነ፥ ለንጹሕ የአገር እጅ ሥራ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው ኩታ ዳሩን ከዓለም ገበያ ወስዷል ማለት ነው፤ ይህም አያሳፍረውም። (የበርተን መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1856 ዊልያም ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲህ የቀለም ነጋዴው ዓለም ሌላ ሆነ።)

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። ንጉሥ ምኒልክ በ1887 ከተማይቱን ያዙ፤ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ርካሽ ጨርቅና የፋብሪካ ድር እንደ ልብ ገባ። ዛሬ በጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚያወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተቀመጡት ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እንዝርት ድምፅ ስለሌለው በስሙ መንገድ አልተጠራለትም።

ስለ ሰፌዱና ስለ ሙዳዩ እንኳ የተሻለ ዕድል ገጥሞናል፤ ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ሄክት በ1992 ያሳተሙት ጥናት የሐረርን የስንደዶ ሥራ ለብቻው ወስዶ ይመረምራል። ፈትሉም እንደዚሁ ያለ ጠያቂ ይገባዋል፤ ያውም በቶሎ፤ ሐረር በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ በእጅ የተፈተለ፥ በእጅ የተነከረ ክርና ጨርቅ ለጎብኚ የማቅረብ አሳብ ለብዙዎች ማራኪ ሆኗልና። አሳቡ መልካም ነው። በአዲስ አበባ በ2004 የተቋቋመው ሳባሐር፥ ጥጥንና በጉሎ ቅጠል የሚያድገውን ትል ሐር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ መሸጥ እንደሚቻል አሳይቷል። በጁገል እንዲህ ያለ ሱቅ የሚከፍት ሰው ግን የበርተንን ምስጋና በግድግዳው ላይ ከመስቀሉ በፊት ሦስት ነገር በመዝገቡ ቢጽፍ ይሻላል፤ ድሩ የፋብሪካ ወይም የእንዝርት መሆኑን፥ ቀለሙ ከየት እንደ ተገዛ፥ ለአንድ ልቃቂት ፈታይዋ የተቀበለችውን ገንዘብ ከነፈጀችው ሰዓት።