«መኳንንት» የሚለው ቃል በምክር ቤት ነክ ትርጉሞች

በእንግሊዝ ላይኛው ምክር ቤት በውርስ ይቀመጡ የነበሩትን ሰዎች «መኳንንት» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ አንባቢን ግን ያሳስታል ብለን እናምናለን።

«መኰንን» ከግእዙ «ኰነነ» ማለት ፈረደ፣ ገዛ ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ የሥራ ስም እንጂ የትውልድ ስም አይደለም። ሹመቱም በሿሚው ፈቃድ የሚኖር መሆኑን «ሹም ሽር» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ይመሰክራል። አገው ምድር ይተዳደርበት የነበረውን ጎጃምን እንመልከት። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ ስለ ሰጧቸው ነው። ልጃቸው ኃይሉ ራስ ሆነው ገዙ እንጂ ንጉሥነቱን አልወረሱም፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ከግዛታቸው ተሻሩ። በቆሰበርና በዳንግላ ዛሬም «የፊታውራሪ እገሌ የልጅ ልጅ» ሲባል ይሰማል፤ ፊታውራሪነቱ ግን ከአያት ጋር ቀርቷል።

በእርግጥ ዋግ ሹም አለ። ስሙ «ሹም» እያለ ማዕረጉ በዘር ይተላለፍ ነበርና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥሩ ፈተና ነው! ይሁን እንጂ የአንድ አገር ልማድ የቃሉን ጠቅላላ ፍች አይለውጠውም።

የእኛም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት «የመኳንንት ምክር ቤት» እየተባለ ከእንግሊዙ ጋር መመሳሰሉ ከዚሁ የመጣ ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ የሚመርጧቸው ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ መሳፍንት፣ ሚኒስትሮች፣ ዳኞችና የጦር አለቆች መካከል ነበር፤ በ1948ቱ ደግሞ የአገልግሎቱ ዘመን ስድስት ዓመት ተብሎ ተወሰነ። ማዕረግ በሩን ይከፍት ነበር፤ ወንበሩ ግን ለልጅ አይተላለፍም። ይህን ያልለየ ትርጉም የቃል ብቻ ሳይሆን የታሪክ ስሕተት ይሠራል።

ሌላም ችግር አለ። እንግሊዞች በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለዕድሜ ልክ ብቻ የሚሾሙ አባላትን ወደ ምክር ቤቱ አስገብተዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ92 በቀር ወራሾቹን አስወጥተዋል። ወራሾቹን አስቀድሞ «መኳንንት» ያለ ተርጓሚ ሿሚ ላስቀመጣቸው ሰዎች ምን ቃል ይተርፈዋል? ለእኛ መኳንንት ይበልጥ የሚቀርቡት እነዚህኞቹ ነበሩ።

«መሳፍንት» ቢባልስ? ዘመነ መሳፍንት ወዲያው ትዝ ስለሚል አንባቢው ጦር ሜዳ ይታየዋል። «ባላባት» በፍቹ፣ አባት ያለው ማለት ነውና፣ ከሁሉ ይቀርባል፤ ነገር ግን ከርስትና ከመሬት ጋር እጅግ ተቈራኝቷል። ስለዚህ በ«አልጋ ወራሽ» አምሳል «ማዕረግ ወራሽ» እንዲባል፣ ለዕድሜ ልክ የሚሾመውም «የዕድሜ ልክ ተሿሚ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

«እንደራሴ»ን ግን ማንም እንዳይነካብን። ትናንት ስለ ንጉሥ ሆኖ የሚገዛ ሹም መጠሪያ የነበረው ይህ ቃል ሕዝብ መምረጥ ሲጀምር ያለ ምንም መንገራገር ለተመራጩ ሆኗል።