ዘይትን በመልኩ ስለ መፍረድ

በአቃቂ በሰቃና በቃሊቲ፥ የጭነት መኪና በሚጠገንበት ስፍራ፥ አንድ ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። መካኒኩ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ጠብታውን በሁለት ጣቶቹ መካከል ያሻል፤ «ጠቁሯል፤ ሞቷል፤ ወፍራም፥ 50 ቁጥር ይግባበት» ይላል። ባለመኪናውም አምኖ ይከፍላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ፍርድ ነው፤ ሐሳባችንም ባለሙያውን መንቀፍ ሳይሆን ፍርዱ የቆመበትን ምክንያት መመዘን ነው።

አስቀድመን ስለ ውፍረት እንናገር። «ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ የተሻለ ይሸከማል» ማለት ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቦሻም ታወር የተባለው እንግሊዛዊ የባቡር ኩሽኔታ ሲፈትን፥ ከአናቱ ላይ የነበረውን ቀዳዳ በእንጨት ቢወትፈው ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ አወጣው። በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ፤ የሚሽከረከረው ዘንግ ራሱ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየሳበ ግፊት ይፈጥራል፥ በዚያም ግፊት ላይ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ሸክሙን የሚችሉት ውፍረትና ፍጥነት ተባብረው ነው። ከታዘዘው በላይ የወፈረ ዘይት ግን፥ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአቃቂ ብርድ ማለዳ፥ ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ብረት ከብረት ጋር ይልቁንም የሚፋተገው በዚያች ሰዓት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ለመንቀሳቀስ ብቻ ነዳጅ ያስባክናል።

ሁለተኛው የጥቁረት ነገር ነው። ቤንዚን በአብዛኛው ከአየር ጋር አስቀድሞ ተደባልቆ በብልጭታ ስለሚቃጠል ጥላሸቱ ጥቂት ነው። ናፍጣ ግን በታመቀና በጋለ አየር ውስጥ ተረጭቶ ሳይደባለቅ መቃጠል ስለሚጀምር ጥላሸት ያበዛል፤ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ኬሚካሎች ቅንጣቶቹን ለየብቻ ይዘው እንዳይጓጉሉ ይከለክላሉ። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩ የመሞቱ ሳይሆን የመሥራቱ ምልክት ነው። በአንጻሩ አጭር መንገድ የሚመላለስ የቤንዚን መኪና ዘይት ንጹሕ መስሎ ሳለ ባልተቃጠለ ቤንዚን ቀጥኖ ሊገኝ ይችላል።

ሆኖም የመካኒኩ ጣት ዋጋ የለውም አንልም። ጣቱ የብረት ፍቅፋቂን ይዳስሳል፤ አፍንጫው የቤንዚን ሽታን ያገኛል፤ ዐይኑም ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት የነጣውን ይለያል። አሲድን የሚያከሽፈው ኬሚካል ማለቁን ግን ከሦስቱ አንዱም አያውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሞተሩ ሠሪ ያዘዘው ቁጥርና የኪሎ ሜትር ልክ ይጠበቅ። ከዚህም ጋር አንድ ርካሽ ፈተና አለ፤ ከትኩስ ዘይት አንድ ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣል አድርጎ ማቆየት ነው። ጥቁረቱ ሳሳ እያለ በስፋት ከተሠራጨ ዘይቱ ገና ጥላሸቱን ይዟል፤ በመካከል ተሰብስቦ በጥቁር ጠርዝ ከተከበበ ግን ኀይሉ ደክሟል። ይህ የላቦራቶሪን ምርመራ ባይተካም በጣት ከመፍረድ ይሻላል።

ነገሩ የባለመኪናው ኪስ ብቻ አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ የተደፋ ዘይት ከመሬት ይገባል፤ አዲስ አበባም ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የምትቀዳው ከዚሁ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጕድጓዶች ነው። ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ ሞተሩን ሳያድን ውሃውን ሊበድል ይችላል።